ሴምቤንን ለአባቴ ሳነብለት

አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ፈረንሳይኛ የተማረው «አትሊዬ» በሚለው የጥገና ቦታ፣ ከሎኮሞቲቭ ሥር ተኝቶ ነው። መፍቻ ሲጠይቅ በፈረንሳይኛ፣ ሲናደድም በፈረንሳይኛ ነበር። ሐዲዱን የዘረጉት ፈረንሳውያን ቋንቋቸውን በየጣቢያው ትተውልን ሄደዋል፤ የአዲስ አበባው ለገሃር ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው፣ ማለትም «ጣቢያው» ከሚለው የመጣ ነው። ዓይኑ ደክሞ ማንበብ ሲሳነው ታዲያ ምን ላንብብለት ብዬ ብዙ አላሰብኩም። የሴኔጋላዊውን ደራሲ የኡስማን ሴምቤንን የባቡር ልብ ወለድ አነሣሁ።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1960 የታተመ ነው፤ ርዕሱን በአማርኛ «የእግዜር እንጨቶች» ብዬዋለሁ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በደራሲው አገር ሰውን በቁጥር መጥራት ዕድሜ ያሳጥራል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሰው ሲቆጠር «ይህን ያህል እንጨት» ይባላል። አያቴም ልጆቿን የሚቆጥርባትን ሰው ትቆጣ ነበር፤ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ ያመጣውን መቅሠፍት ታስታውሳለች። አባቴ ርዕሱን ሲሰማ «እናቴ ብትኖር ይገባት ነበር» አለ።

ሴምቤን በ1923 በደቡብ ሴኔጋል፣ ዚጊንሾር ከተማ፣ ከዓሣ አጥማጅ አባት ተወለደ። ከትምህርት ቤት ተባረረ፤ ዳካር ገብቶ ግንበኛ ሆነ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ጦር ተመለመለ። ከጦርነቱ በኋላ ባሕር ተሻግሮ ማርሴይ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ሆነ። መርከብ ሲያራግፍም የጀርባ አጥንቱ ተሰበረ።

ስለ እርሱ የሚጽፉ ሰዎች ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። የአባቴን ወገብ አውቀዋለሁ፤ ክረምት በገባ ቁጥር በጋለ ጨርቅ ስንተኩስለት ነው ያደግነው። ጀርባው የተሰበረ ሸክም አውራጅ፣ በማያስተምረው አገር፣ በሰው ቋንቋ ልብ ወለድ ለመጻፍ ሲቀመጥ ይታያችሁ። በ1956 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ ውስጥም አንድ ጥቁር የወደብ ሠራተኛ ልብ ወለድ ይጽፋል፤ አንዲት ነጭ ደራሲ በራሷ ስም ታሳትምበታለች። መጽሐፉ ገና የጀማሪ እጅ ይታይበታል፤ ቁጣው ግን እውነተኛ ነው።

«የእግዜር እንጨቶች» ሌላ ነገር ነው። ከዳካር ባማኮ በሚዘልቀው መስመር ላይ በጥቅምት 1947 የተጀመረውንና ከአምስት ወር በላይ የቆየውን የሥራ ማቆም አድማ ይተርካል። ሠራተኞቹ ከጥያቄያቸው አንዱ እንደ ነጮቹ የቤተሰብ አበል ይከፈለን የሚል ነው። ኩባንያው፣ ሚስቶቻችሁ ብዙ ናቸው፣ አንከፍልም ይላል። ደመወዝ ይቆማል፤ ውኃው ይቋረጣል፤ ባለ ሱቆቹ ዱቤ ይከለክላሉ።

ራማቱላይ የምትባል ሴት አለች። ለቤቷ ሕፃናት ሩዝ ፍለጋ ትወጣለች፤ ከኩባንያው ጋር የወገነው ሀብታም ወንድሟ ባዶ እጇን ይመልሳታል። የዚህ ወንድሟ «ዓርብ» የሚባል የሰባ በግ ደግሞ ሰፈሩን እንደ ጌታ እየዞረ የድሃውን ጓዳ ይፈትሻል። አንድ ቀን እነራማቱላይ ቤት ገብቶ የልጆቹን ሩዝ ይበላል። ራማቱላይ ቢላዋ ይዛ ትገጥመዋለች፤ በጉ በቀንዱ እየወጋ ይጥላታል፤ ተነሥታ ታርደዋለች። ሥጋውን ለጎረቤት ሁሉ ታካፍላለች፤ በጉን ሊወስድ የመጣውን ፖሊስም ሴቶቹ ተባብረው ይመክቱታል።

ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳነብ አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እናትሽ ብትሆንም ታርደው ነበር» አለኝ።

ሴምቤን ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ አንድ ጭንቀት ያዘው። የጻፈላቸው ሴቶች ፈረንሳይኛ አያነቡም። ብዙ ደራሲ ይህን አውቆ ዝም ብሏል። እርሱ ግን አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ሞስኮ ሄዶ ፊልም ሥራ ተማረ። «ሐዋላ» ብዬ የምተረጉመውን አጭር ልብ ወለዱን በ1968 በራሱ አገር ቋንቋ፣ በወሎፍ፣ ፊልም አደረገው። ሥራ የሌለው አንድ አባወራ ፓሪስ ካለ ዘመዱ 25,000 ፍራንክ ይላክለታል። ፖስታ ቤቱ መታወቂያ ይለዋል። ለመታወቂያ የልደት ማስረጃ፣ ፎቶግራፍ፣ ቴምብር ያስፈልጋል፤ ጎረቤቱ በሙሉ ደግሞ ገንዘቡ ገና ሳይወጣ ሊበደር ተሰልፏል። ከውጭ አገር ገንዘብ የሚጠብቅ ማንኛውም የእኛ ቤት ይህን ታሪክ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ሴምቤን በ2007 ዳካር ውስጥ እስኪሞት ድረስ ፊልምም መጽሐፍም ሠርቷል።

እኔና አባቴ መጽሐፉን በአሥራ ዘጠኝ ማታ ጨረስነው። የአድመኞቹ ሴቶች ከቲየስ ከተማ ዳካር ድረስ በእግራቸው ተጉዘው ሲደርሱ፣ ሰልፉን ስትመራ የነበረችው ፔንዳ ከተማው መግቢያ ላይ በጥይት ትወድቃለች። እዚያ ላይ ድምፄ ተያዘና አቆምኩ። አባቴም ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገረም። ቆይቶ «አበሉስ? ተከፈላቸው?» አለኝ።

«አድማውን አሸንፈዋል፣ አባዬ» አልኩት።

«እስቲ እዚያጋ አንብቢልኝ» አለ።