ማደንዘዣው ቀደመ

ኅዳር ነበር፤ የጤፍ አጨዳ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። በአጨዳ ሰሞን ማጭድ የቆረጠው ግራ እጅ አይታጣም። ቀኝ ያጭዳል፣ ግራ ይጨብጣል፤ ማጭዱ ሲያመልጥ የሚያገኘው ጨባጩን ነው።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ አባት እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ገቡ። የግራ አንጓቸው በትንሿ ጣት በኩል ተቆርጧል። ጣታቸውን ሁሉ አጠፉልኝ። «ጅማቱ ደህና ነው» አልኩ በልቤ። ማደንዘዣውን ሊዶኬይን ወጋሁ፣ አጠብኩ፣ ሰፋሁ፣ የቴታነስ ክትባት አስወግቼ ሸኘኋቸው።

ያጠፋሁት እዚያች መርፌ ላይ ነው። ማደንዘዣ ከገባ በኋላ ጣት ይሰማው አይሰማው መለየት አይቻልም። አሁን ሲሪንጅ ከመያዜ በፊት በጥጥ እያንዳንዱን ጣት ነክቼ «ይሰማል?» እላለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከጥምቀት በኋላ ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ ይች ጣት የኔ አልመስል አለችኝ።» ትንሿ ጣት ተቃጥላለች። እሳት ሲሞቁ ፍም ነክቷቸው ያወቁት ቃጠሎው ሲሸታቸው ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ወረቀት አስያዝኳቸው። ስስበው እንዲያው ወጣ። ለትንሿ ጣት ስሜት፣ ለአውራ ጣት ደግሞ የመቆንጠጥ ጉልበት የሚሰጠው የአልናር ነርቭ ተበጥሶ ኖሯል።

«አባቴ፣ ያን ማታ ማየት የነበረብኝን አላየሁም» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ይድናል ወይ?» አሉኝ።

ስለት የቆረጠው ነርቭ በቀናት ውስጥ ከተገኘ ቀላል ነው ባይባልም መንገዱ አጭር ነው። ሁለቱ ጫፎች ይገጠማሉ፣ ሽፋናቸው በማጉያ መነጽር እየታየ ከፀጉር በቀጠነ ክር ይሰፋል። ከቆየ ግን ጫፎቹ ይሸሻሉ፣ ጠባሳ ይቋጥራሉ። ጠባሳው ሲቆረጥ ክፍተት ይመጣል። ጎትቶ መስፋት ደግሞ አይሆንም፤ የተወጠረ ነርቭ ደም ያጥረዋል። ስለዚህ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሪፈር ጻፍኩ። እዚያ ያሉት ሐኪም ከባታቸው ቀጭን የስሜት ነርቭ ወስደው በመሃል አጋጠሙት። የእግራቸው ውጨኛ ጎን ደነዘዘ። የእኔ ጥፋት እግራቸው ድረስ ሄደ።

ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በየወሩ ሲመጡ ከአንጓቸው ጀምሬ በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ። እያደገ ካለው ጫፍ ስደርስ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራቸዋል።

በአራተኛው ወር እኔን አልጠበቁም። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ራሳቸው መታ መታ አደረጉ። ከትንሿ ጣት ሥር ሲደርሱ ፊታቸው ቀና አለ።

«እዚህ ደርሷል፣ ልጄ።»