ቴፑን ማን አስቀመጠው

አዲስ የወጣ ጃዝ ስፈልግ ግማሹ የድሮ ሆኖ ነው የማገኘው። አንዱ ዘንድሮ የተቀዳ ነው፣ አጠገቡ ያለው የዛሬ ስልሳ አመት ተቀድቶ እስካሁን ሳይወጣ የቆየ፣ ሌላው ደሞ ድሮ ወጥቶ ሸክላው ከጠፋ በኋላ እንደገና የታተመ። ሰምቼው የማላውቀው ሁሉ ለኔ አዲስ ነው፣ እሱ ልክ ነው። ግን ሶስቱ እኩል አይደሉም፣ ሰሞኑን ይሄ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ ነው የከረመውና ሳይጠፋብኝ ልፃፈው። አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምፅፈው።

እኔን ከሁሉ በፊት የያዘኝ የቴፖቹ ታሪክ ነው። ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን 1963 ማርች ላይ ከኳርቴቱ (ከአራት ሰው ባንዱ) ጋር ኒው ጀርሲ የሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ገብቶ በአንድ ቀን አልበም የሚወጣው ስራ ቀዳ፣ ከዛ ሳይወጣ ቀረ። ማስተር ቴፑ፣ ማለትም ዋናው ቅጂ፣ የለም። የተረፈው ኮልትሬን ቤቱ ሄዶ እንዲሰማው ይዞት የወጣው ኮፒ ነው፣ እሱንም ያቆየው የመጀመሪያ ሚስቱ የናይማ ቤተሰብ ነው፣ 2018 ላይ ቦዝ ዳይሬክሽንስ አት ዋንስ ተብሎ ወጣ። 55 አመት! በዛ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው ቤት ሲቀይር ቢጥለው ወይ ላዩ ላይ ሌላ ነገር ቢቀዳበት እኮ አለቀ ነበር።

ከዚም የሚብሰው የፒያኒስቱ የሞንክ ፓሎ አልቶ የሚባለው አልበም ነው። 1968 ኦክቶበር ላይ ዳኒ ሼር የሚባል የ16 አመት ልጅ ቴሎኒየስ ሞንክን ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ የሚማርበት ሃይስኩል አዳራሽ መጥቶ እንዲጫወት አደረገው። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለበት አመት ነው፣ በነጮቹ ፓሎ አልቶና በጥቁሮቹ ኢስት ፓሎ አልቶ መሀል ውጥረት አለ፣ ልጁ ፖስተሩን እዛም ሄዶ ለጠፈ፣ ሰዉ ሞንክ እውነት እዚ ይመጣል እንዴ ብሎ ሊያይ ወጣ፣ ሞንክም መጣ። ታዲያ ይሄን ኮንሰርት የቀዳው ማን መሰላችሁ፣ የትምህርት ቤቱ የፅዳት ሰራተኛ ነው። ፒያኖውን ላስተካክልላችሁ፣ እኔ ደሞ ልቅዳ አለ፣ ተፈቀደለት፣ በቃ። 2020 ላይ ወጣ። ስሰማው ሁሌ ያን ሰውዬ ነው የማስበው ምክንያቱም የምሰማው ፒያኖ እሱ የቃኘው ነው፣ ሞንክ አንድ ኖታ መትቶ ቀጣዩን ሲያዘገየው መሀሉ ላይ የቤን ራይሊ ድራም ብቻዋን ትቀራለች፣ ያቺ ክፍተት ውስጥ አዳራሹ ራሱ ይሰማል፣ ስቱዲዮ ውስጥ እንደዚ አይነት አየር አይገኝም።

ቪሌጅ ጌት የሚባለው ክለብ ውስጥ የተቀዳውም እንደዛው ነው። 1961 ኒው ዮርክ፣ ኮልትሬን ከኤሪክ ዶልፊ ጋር፣ የክለቡ የሳውንድ መሀንዲስ ሪች አልደርሰን አዲሱን ሲስተም ሊሞክር በአንድ ማይክ የቀዳው፣ ቴፑ ኒው ዮርክ የህዝብ ቤተ መፃህፍት ተገኝቶ 2023 ላይ ወጣ። ጥራቱ ደስ ያላላቸው ብዙ ናቸው፣ የኤልቪን ጆንስ ድራም ፊት ለፊት ነው፣ የማኮይ ታይነር ፒያኖ ደሞ ወደ ኋላ ቀርቷል። እኔ ግን እንደዚህ ቢሆን ነው የምመርጠው፣ ድራሙ አጠገብ ወንበር አግኝቼ የተቀመጥኩ ያህል ነው የሚሰማኝ፣ ዶልፊ ቤዝ ክላሪኔቱን ይዞ ሲገባ ደሞ በጥራት መጓደል የሚያዝን ጆሮ ካለ እኔ አላውቅም።

እንደገና የታተመ አልበም ሳገኝ መጀመሪያ የማየው ከምን እንደተሰራ ነው። ከማስተር ቴፕ ነው ወይስ ማስተሩ ጠፍቶ ከአሮጌ ሸክላ ላይ የተገለበጠ? ሁለተኛውም አይናቅም፣ አንዳንዴ ሌላ አማራጭ የለም፣ ግን ይፃፍልን። በተለይ የሰባዎቹና የሰማንያዎቹ ቴፕ ችግር አለበት፣ ማግኔቱን ከፕላስቲኩ ጋር የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት እየሳበ ይሟሟል፣ እንደዛ ሆኖ ማጫወቻ ላይ ከወጣ ይጣበቅና ማግኔቱ ይላጣል፣ ከማግኔቱ ጋር ሙዚቃው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በዝቅተኛ ሙቀት ለሰአታት ያሞቁትና ለጥቂት ጊዜ ሲመለስ ቶሎ ብለው ይገለብጡታል። ይሄን ሁሉ ለፍተው አልበሙ ጀርባ ላይ በአንድ መስመር የሚጠቅሱ ሰዎች አሉ፣ እነሱን አምናለሁ። ሁለተኛ የማየው ደሞ ሙዚቀኛውን ወይ ቤተሰቡን ፈልገው አግኝተዋል ወይ የሚለውን ነው፣ ለኔ ከድምፅ ጥራቱ በላይ ይሄ ይበልጣል።

ርዮ ፉኩይን እዚጋ ማንሳት አለብኝ። ጃፓናዊ ነው፣ ፒያኖ የጀመረው በ22 አመቱ ነው፣ ያለ አስተማሪ፣ 1976 ላይ ሲነሪ የሚለውን አልበም አወጣ። ከጃፓን ውጪ ያለን ብዙዎቻችን ያገኘነው ከብዙ አመት በኋላ ዩትዩብ ራሱ አምጥቶ ፊታችን ላይ ሲያስቀምጥልን ነው። ግራ እጁ እንዴት እንደሚመታ! ዘግይቶ የጀመረ ሰው ጥድፊያ የሚሰማኝ እዛ ላይ ነው፣ የሰበሰበውን ሁሉ አሁኑኑ ማውጣት የፈለገ ይመስላል። ፉኩይ ግን 2016 ላይ አርፏል፣ ሳፖሮ ውስጥ የራሱ ክለብ ነበረው፣ ሄዶ መስማት ይቻል ነበር እኮ። ይሄ ያናድደኛል፣ ማንንም ስለበደለ አይደለም፣ ብቻ ያናድደኛል።

የዋሊያስ ባንዱ ሀይሉ መርጊያ ታሪክ ደሞ ተቃራኒው ነው። 1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ሰራ፣ ከዛ ኑሮ ነው፣ ታክሲ መንዳት ያዘ፣ ግን ኪቦርዱ ከታክሲው የኋላ ኮፈን አይጠፋም፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ያወጣና ይለማመዳል። ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባለውን አሳታሚ የሚመራው ብራያን ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ባህር ዳር አገኘው፣ ሰውዬውን ፈልጎ ደወለለት፣ 2013 ላይ እንደገና ታተመ። ሌላ ቦታ ታሪኩ እዚ ላይ ያልቃል፣ የሱ ግን እዚ ላይ ነው የጀመረው፣ መድረክ ላይ ተመለሰ፣ 2018 ላይ ላላ በሉ የሚል አዲስ አልበም አወጣ፣ ቤዙን ማይክ ማይኮቭስኪ ድራሙን ቶኒ በክ፣ ሁለቱም አውስትራሊያውያን። መጀመሪያ ላይ ያለው ትዝታ አስር ደቂቃ አካባቢ ነው፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ሁሉም ወጥተው እሱ ብቻውን ፒያኖ ላይ የፍቅር እንጉርጉሮን ይጫወታል። ሁለቱን አልበም አስከትዬ ስሰማ፣ 1985ና 2018፣ ያው ጣት ነው፣ ጣልቃ ባለው ሰላሳ ምናምን አመት የተረጋጋ።

ለዛ ነው እኩል አይደሉም ያልኩት። ድጋሚ ህትመት ሲባል ለኔ ትልቁ ነገር ለአንድ ሰው በህይወት እያለ ሲደርስለት ነው። የጠፋ ቴፕ ተገኘ ሲባል ሁላችንም እንሮጣለን፣ ዜናውም ደስ ይላል፣ እኔም የመጀመሪያው ሯጭ ነኝ፣ ግን በዛው ሳምንት ዛሬ የሚሰራ ሰው ያወጣው አልበም ማንም ሳይነካው ያልፋል። አሁን ኮልትሬን የሰማሁ ቀን ከሱ ቀጥሎ በህይወት ያለ ሰው አዲስ ስራ ሳልሰማ አልተኛም። ሶዌቶ የተሰራውን ባትሱሚ የሚባለውን ባንድ የ1974 ሸክላ (ማትሱሊ የሚባሉት ናቸው 2011 ላይ መልሰው ያተሙት፣ ፍሉቱን ስሙልኝ) ከጨረስኩ ወደ ፒያኒስቱ ንዱዱዞ ማካቲኒ ነው የምሄደው። ብሉ ኖት የሚባለው የጃዝ አሳታሚ ያስፈረመው የመጀመሪያው ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ 2024 ላይ ያወጣው ኡኖምኩቡልዋኔ በትሪዮ (በሶስት ሰው) ነው፣ ሶስት ትልልቅ ክፍል አለው፣ አንዱን ከመሀል መዝዞ መስማት አይመከርም፣ ፒያኖው ላይ ድምፁንም ይጨምርበታል፣ የሚፀልይ ሰው አጠገብ እንደመቀመጥ ነው።

ቀጥሎ የሳክስፎኒስቷን የኑባያ ጋርሺያን ኦዲሲ የሚል አልበም ነው የያዝኩት፣ እሱም የ2024 ነው። ለገመዶቹ ሙዚቃውን የፃፈችው ራሷ ናት፣ ሳክስፎኗ ከኦርኬስትራው ጋር አይጣላም፣ አይደበቅበትምም። አንዴ ሰምቼው ገና አልጠገብኩትም።