የከሰዓቱ ፈረቃ ባይካርቦኔት

የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ የምንሠራ ሰዎች የወሩ የደም ውጤት ሲመጣ ዓይናችን መጀመሪያ የሚሮጠው ፖታሲየም ላይ ነው። ልብ የሚያቆመው እሱ ነዋ። በደም ውስጥ አሲድን የሚያመክነውን ባይካርቦኔትን ግን ብዙዎቻችን እንዲሁ ገረፍ አድርገነው ነው የምናልፈው።

አንድ ወር ላይ ግን የማይታለፍ ሆነ። የከሰዓት ፈረቃ ታካሚዎች ሁሉ ባይካርቦኔታቸው ወርዷል። 17፣ 18፣ 16፣ ደግሞ 18። ከእጥበት በፊት ቢያንስ 22 እንዲሆን ነው የምንፈልገው። የጠዋቶቹ ደግሞ 22 እና 23 ናቸው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ከምንበላው፣ በተለይ ከሥጋና ከእንቁላል፣ ሰውነት በየቀኑ አሲድ ያመርታል። ጤነኛ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። የደከመ ኩላሊት ሲሆን አሲዱ ይጠራቀማል፣ እሱን የሚያመክነው ባይካርቦኔትም እያለቀ ይሄዳል። ማሽኑ ሲያጥብ ከማጠቢያው ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሰው ይህንን ነው። እኛ አገር ደግሞ በገንዘብ ምክንያት ብዙ ሰው በሳምንት ሁለቴ ብቻ ስለሚታጠብ መሃል ላይ ያለው ቀን ይረዝማል። እንዲህ ሆኖ ሲቆይ አጥንትና ጡንቻ ይጎዳል።

ዶክተሩ ወረቀቱን እንዳየ «የማሽኑን ባይካርቦኔት ከ32 ወደ 36 እናድርገው» አለ። በወረቀቱ ከሄድን ልክ ነው። እኔን ግን አላስቻለኝም። ጠዋትም ከሰዓትም ማሽኑ ያው ነው፣ ማጠቢያው ፈሳሽ የሚዘጋጅበት የአሲድ ጄሪካን ያው ነው፣ የባይካርቦኔቱ ዱቄት ከአንድ ካርቶን ነው የሚወጣው። የፈሳሹን የጨው መጠን የሚያሳየው ኮንዳክቲቪቲ 14 አካባቢ ነው፣ የጮኸ አላርም የለም። ታዲያ ከምሳ በኋላ ምን መጣ?

«ዶክተር፣ ከመጨመራችን በፊት ደሙ ወደ ላብራቶሪ እንዴት እንደሚሄድ ልይ?» አልኩት። ሳያስፈልግ ከጨመርን ፖታሲየም ወደ ሴል ይገባል፣ ካልሲየም ይወርዳል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል።

«እሺ፣ ተመልከቺው» አለኝ። ደግነቱ ኩራት የለበትም።

ላብራቶሪው ግቢያችን ውስጥ አይደለም፤ ደሙን ሞተረኛ ነው የሚያደርሰው። የጠዋቱ እንደተቀዳ ይሄዳል። የከሰዓቱ ግን ሞተረኛው እስኪመለስ ማታ ድረስ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ያ ሰሞን ትንንሹ ቲዩብ አልቆ ትልቁ ብቻ ነበር የቀረን፣ ደም የሚቀዱት ልጆችም ለታካሚው ደም አዝነው ግማሽ እንኳ አይሞሉትም። የእጥበት ታካሚ ደም ማነስ አያጣውምና አልፈርድባቸውም። ግን ቲዩቡ ውስጥ ባዶ ቦታ ሲኖር፣ እንደተከፈተ ለስላሳ ጋዙ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ከደሙ ይወጣል፣ የሚለካው ባይካርቦኔትም አብሮ ይወርዳል።

አንድ አባት አስፈቅጄ ሁለት ቲዩብ ቀዳሁ። አንዱን ጢም አድርጌ ሞልቼ ወዲያው አስላክሁት፣ ሌላውን ግማሽ አድርጌ እስከ ማታ አቆየሁት። የመጀመሪያው 22፣ ሁለተኛው 18። ያው ሰው፣ ያው ክንድ፣ ያው ደቂቃ።

ክፍሉ ተንፈስ አለ። «በቃ የላብራቶሪ ጣጣ ነው፣ ሁሉንም ሰርዙት» ተባለ። እኔን የጨነቀኝ እዚህ ጋ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ 12 የሆኑ አንዲት እናት ነበሩ። ያልሞላ ቲዩብ 4 አወረደ እንጂ 10 አላወረደም። ፖታሲየማቸው 3.9 ስለነበር፣ ለኛ ታካሚ የሚያምር ቁጥር ነውና፣ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም።

ለእጥበት ሲመጡ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ትንፋሻቸውን አየሁ። ጥልቅና ፈጣን ነው፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ኦክስጅናቸው 97። ሳንባቸው ንጹሕ፣ እግራቸው አላበጠም። ሰውነት አሲዱን በትንፋሽ ሊያስወጣ ሲታገል ነው እንዲህ የሚያስተነፍሰው።

«ጉንፋን ይዟት ነው ሲስተር» አለች ልጃቸው።

«እማማ፣ ሆድዎትስ?»

ዝም አሉ። ልጅቷን ውሃ እንድታመጣ ላክኋት።

«ተቅማጡ ሊገለኝ ነው ልጄ፤ እሷ ፊት እንዴት አድርጌ ልናገር?»

ተቅማጥ ባይካርቦኔትን ጠርጎ ነው የሚወጣው። ፖታሲየሙንም ይዞት ስለሚሄድ ነበር ያ ቁጥር ያማረው። ከፊስቱላው (ለእጥበት በቀዶ ጥገና ከተገናኘው የክንድ ደም ሥር) መርፌ በሲሪንጅ ቀዳን፤ እዚያ የሚመጣው የአርተሪ፣ ማለትም ከልብ የሚወጣው፣ ደም ስለሆነ ሌላ ቦታ መውጋት አላስፈለገም። የአየር አረፋውን አስወጥተን፣ ክዳን አድርገን፣ የደም ጋዝ መለኪያ ያለው ጎረቤት ሆስፒታል ስለሆነ በሩጫ ላክነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲወርድ አሲድ በዝቷል ማለት ነው) 7.27፣ ባይካርቦኔት 11። ጤነኛ ደም ከ7.35 በታች አይወርድም። የማሽኑ ባይካርቦኔት ለሳቸው ብቻ ተጨመረ፣ ፖታሲየማቸው በዚያው እንዳይዘቅጥ ፈሳሹ ተቀየረ፣ ተቅማጡም ታከመ። በሚቀጥለው ምርመራ በሞላ ቲዩብ 20 መጣ።

አሁን ደም የሚቀዳው ማሽን ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ሳይገባ፣ ቲዩቡ ሞልቶ፣ ሰዓቱ ተጽፎበት። ሞተረኛውም ከሰዓት በድጋሚ ይመጣል፣ አንዳንዶች በቤንዚኑ ሒሳብ ቢያጉረመርሙም። የደም ጋዝ መለኪያ ይገዛልን ብለን ያስገባነው ደብዳቤ ግን እስካሁን መልሱ «እየታየ ነው» ነው።