ከአራት ኪሎ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ፦ የሦስት ሳምንት ማስታወሻ

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ አንድ ደብተር ገዝቼ ገጹን በሦስት ዓምድ ከፈልኩት፤ ኀልዮ፣ ነቢብ፣ ገቢር። በሐሳብ፣ በቃልና በሥራ የበደልኩትን ማታ ማታ በጭረት ልቆጥር ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ገቢር ባዶ ሊባል ምንም አልቀረው፤ ነቢብ ላይ ጥቂት ሐሜት አለ፤ ኀልዮ ግን ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞረ። ፒያሳ ላይ በምግብ ቤት በር ሳልፍ የሸተተኝን ክትፎ እንኳ መዝግቤዋለሁ! ሐሙስ ማታ ደብተሩን ልተወው ወሰንኩ።

ያስቆመችኝ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት እኅታችን ናት። «ሽታው ወደ አንተ መጣ እንጂ አንተ መቼ ሄድክበት?» አለችኝ። ያዕቆብ 1፥15ን ገልጣ «ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን ትወልዳለች» የሚለውን አነበበችልኝ። በፅንስና በመውለድ መካከል ጊዜ አለ፤ እኔ ያን ጊዜ ዘልዬው ኖሯል። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኢቫግሪዮስም ስምንቱን ክፉ ሐሳቦች ሲዘረዝር፣ መምጣታቸው በእጃችን እንዳልሆነ፣ መሰንበታቸው ግን በእኛ እንደሚወሰን ጽፏል።

በሁለተኛው ሳምንት ጭረት የማኖረው ሐሳቡን ወንበር ስቤ ካስቀመጥኩት ብቻ ሆነ። የእኔ ደግሞ ክትፎ አይደለም፤ ቅናት ነው። በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እድገት አገኘ። ጠዋት በእግሬ ስወርድ አራት ኪሎ ሐውልቱ አጠገብ «እንዴት እሱ?» የምትል አንዲት አጭር ጥያቄ ትመጣለች። ዝም ካልኳት ታልፋለች። ከመለስኩላት ግን ራስ መኮንን ድልድይ ስደርስ ለአለቃዬ የማቀርበው ንግግር ከነመግቢያው ተዘጋጅቶ፣ ሰውየው ተዋርዶ፣ እኔ ተጨብጭቦልኛል። ፅንሱ የሩብ ሰዓት መንገድ እንኳ አልፈጀበትም። ከአምስት ቀን ሁለቱን ጥያቄዋን ሳልመልስላት ድልድዩን ተሻገርኩ።

በመሐል ያስገረመኝን ልጨምር። ምኞት ሁሉ ርኩስ ይመስለኝ ነበር። ሉቃስ 22፥15 ላይ ግን ጌታ ራሱ ፋሲካውን ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሊበላ «እጅግ እመኝ ነበር» ይላል፤ የግሪክኛው ቃል ያዕቆብ ምኞት ካለው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ አሁን የምጠይቀው ተመኘሁ ወይስ አልተመኘሁም ብዬ ሳይሆን ወዴት እየተሳብኩ ነው ብዬ ነው። ይህ ከደብተሩ ጭረት ሁሉ ይልቅ ጠቅሞኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ሦስቱም ዓምዶች ባዶ ሆኑ። ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ለእናንተ ልልክ ገጹን ፎቶ አነሳሁት። ኢቫግሪዮስ ሌሎቹ ሐሳቦች ሲሸነፉ ውዳሴ ከንቱ ቀርቦ የምግባራችንን ዝርዝር ይዘረጋልናል ያለው ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ፎቶውን አጠፋሁት። ይህን ጽሑፍ ግን ይኸው ላክሁላችሁ፤ ጭረቱን ነቢብ ላይ ላኑረው ወይስ ገቢር ላይ፣ ገና አልወሰንኩም።