46 ቢሊዮን የምትባል ቁጥር እንቅልፍ ነሳችኝ

ስለ ጽንፈ ዓለም መስፋት በራሴ ማጥናት ከጀመርኩ አራት ወር ሞላኝ። ያለፈውን ማስታወሻዬን ያቆምኩት ኤድዊን ሀብል ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ጋላክሲዎች በራቁ ቁጥር በበለጠ ፍጥነት እንደሚሸሹን ያሳየው ሰው። በዚህ ወር ግን አንድ ቦታ ተቸንክሬ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጽንፈ ዓለም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከብርሃን የሚቀድም የለም። ታዲያ ማየት የምንችለው ክልል እንዴት በየአቅጣጫው 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ይሆናል? መጀመሪያ የትየባ ስህተት መስሎኝ ነበር። ሌላ ቦታ አየሁ፤ ያው 46።

ላስቲክ ቆርጬ በየአንድ ሳንቲ ሜትሩ ነጥብ አደረግኩበት። እጥፍ እስኪሆን ስስበው የቅርቡ ነጥብ 1 ሳንቲ ሜትር ሸሸ፤ አሥረኛው 10። ከየትኛውም ነጥብ ብለካ ያው ነው፤ መሃል የሚባል ነገር የለም። ይህን ድሮም አውቀው ነበር። የረሳሁት ብርሃኑን ነው።

ስለዚህ ላስቲኩ ላይ አንዲት ጉንዳን አሰብኩ። ወደ እኔ ስትመጣ ከፊቷ ያለው ብቻ ሳይሆን ከኋላዋ የተወችው መንገድም ይለጠጣል። እኔ ጋ ስትደርስ፣ የተነሳችበት ነጥብ እሷ ከተራመደችው በላይ ርቆ ይገኛል። 46 ቢሊዮን የዚያ ነጥብ የዛሬ ርቀት ነው። ይቺን ለመረዳት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

ከዚያ ወደ ጥንታዊው ጨረር ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ1965 የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ፔንዚያስና ዊልሰን ከሬዲዮ አንቴናቸው አልጠፋ ብሎ ያስቸገራቸውን ድምፅ ይፋ አደረጉ። የድምፁ ምንጭ ጽንፈ ዓለም 380 ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆነው የተለቀቀ ብርሃን ነበር፤ ጥንታዊው ጨረር ያልኩት ይህን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን በብርሃን ማየት አይቻልም፤ ሁሉም ነገር እንደ ጉም ነበር። ዛሬ የሚደርሰን ያ ብርሃን ሲነሳ ከእኛ የሚርቀው 42 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ብቻ ነበር። ሚሊዮን ነው ያልኩት! ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ወደ 1,100 እጥፍ ተለጥጧል። አባዙት፤ 46 ቢሊዮን ይመጣል። ካልኩሌተሩን አስቀምጬ ክፍሉን ሁለቴ ዞርኩት።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ርቀቱ በ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በጨመረ ቁጥር የመሸሻው ፍጥነት በሰከንድ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። የብርሃንን ፍጥነት፣ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ለዚህ አካፍዬ ሳሰላው 14 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት አካባቢ መጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው ከብርሃን በላይ ፈጥኖ ይርቀናል (ጋላክሲው ራሱ ብርሃንን ቀድሞ አይደለም፤ መሃላችን ያለው ላስቲክ ስለሚለጠጥ ነው)። «የማየት ገደባችን ይሄ ነው» ብዬ በቀይ አሰመርኩበት።

ተሳስቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያሉ ብዙ ጋላክሲዎችን እናያለን። ብርሃናቸው ሲነሳ በእርግጥ ወደ ኋላ ይጎተት ነበር። ግን መስፋቱ ለረጅም ዘመን እየዘገየ ስለነበር ያ ድንበር ራሱ ወደ ውጭ እየገፋ ሄዶ ብርሃኑን ደረሰበት። ቀዩን መስመር ሰርዤዋለሁ።

አሁን ደብተሬ ላይ ሌላ ቁጥር አለ፤ 16 ቢሊዮን ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታወቀው የመስፋቱ መፋጠን ከቀጠለ፣ ዛሬ ከዚያ ርቀት ወዲያ የሚነሳ ብርሃን መቼም አይደርሰንም። 30 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት የራቀ ጋላክሲ የልጅነት ፎቶው ደርሶናል፤ የዛሬው ግን አይመጣም።

በሚቀጥለው ወር «70» ብዬ ያለፍኳትን ቁጥር እፈትሻለሁ። በአንዱ መንገድ ሲለኳት 67፣ በሌላው 73 ትሆናለች። ላስቲኩን አልጣልኩትም።