«ሰው ሲገባ ይስተካከላል»

ባንዳችን ሆቴልና ክለብ የለመደ ነው። ያን ቀን የገባነው ግን ለኦርኬስትራ የተሠራ፣ ጣሪያው የራቀ፣ ግድግዳው በእንጨት የተለበጠ ትልቅ የኮንሰርት አዳራሽ ነበር። አንጋጠን ስናደንቅ ቆየንና ዕቃ ማውረድ ጀመርን።

ድራመሩ የመጀመሪያዋን ምት ሲመታ አድናቆታችን አበቃ። ምቷ ሄዳ አልቀረችም፤ ከኋላው ግድግዳ ተመልሳ በሚቀጥለው ምት ላይ ተደረበች። ቤዙ ጉርምርምታ ብቻ ሆነ። የዘፋኟ ቃል አልለይ ሲል የድምፅ ባለሙያችን ማይክራፎኗን ከፍ አደረገ። ጊታሪስቱ ራሱን መስማት ሲያቅተው እሱም ጨመረ። ጩኸት በጩኸት ሆንን። ባለሙያችን ግን ቅንጣት አልተጨነቀም፤ «ባዶ ስለሆነ ነው፤ ሰው ሲገባ ይስተካከላል» አለ።

ክለብ ቢሆን አባባሉ ልክ ነበር። የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይመጥጣል። ይህን በልኬት ያሳየው ዋላስ ሳቢን የተባለ የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር ነው፤ አንድ ቃል ከ5 ሰከንድ በላይ የሚያስተጋባበትን የትምህርት አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዝዞ፣ ሌሊት ሌሊት ከቲያትር ቤት የወንበር ትራስ እያስመጣ ይለካ ነበር (ትራሱን የሚሸከሙትን ሳስብ ሁሌም ያስቀኛል)። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ የተነደፈው በእሱ ምክር ነው።

የቤቱ ቴክኒሻን ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና «ልጄ፣ እስኪ ሁሉንም አጥፋው» አሉ። መድረክ ላይ ወጥተው አንዴ አጨበጨቡ። ድምፁ ሁለት ሰከንድ ያህል ተንከራትቶ ጠፋ።

«ዘፈናችሁ በደቂቃ 120 ምት ነው እንበል። አንዱ ምት ሳይጠፋ ሌላ ሦስት ይደርስበታል። ለቫዮሊን ጌጥ ነው፤ ለድራም መከራ። ስትጨምር ደግሞ ማስተጋባቱም አብሮ ይጨምራል።»

«ሰው ሲገባስ ጋሼ?»

«ይሄ ወንበር ባዶውን ሆኖም ሰው የተቀመጠበትን ያህል ድምፅ እንዲመጥጥ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ልምምዱና ኮንሰርቱ እንዳይለያይ። አሁን የምትሰማውን ነው ማታም የምትሰማው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብቻ ነው። በጎንና በኋላ ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ በሞተር ወረደ። ስፒከሮቹ ከግድግዳው ዞረው ወደ ወንበሮቹ አዘነበሉ። መድረክ ላይ የሚጮኹት ሞኒተሮች፣ ማለትም ሙዚቀኞቹ ራሳቸውን የሚሰሙባቸው ስፒከሮች፣ ተነሥተው ሁሉም የጆሮ ማዳመጫ አደረገ። ድራመሩ ቀለል ባለ ዱላ እንዲመታ ሲጠየቅ አኮረፈ፤ አንድ ዘፈን እንደተጫወተ ግን ኩርፊያውን ረሳው። ለእኔ ትልቁ ነገር የዘፋኟ ነበር፤ ሳትጮህ ዘፍና እስከ መጨረሻው ረድፍ ቃሏ ጥርት ብሎ ደረሰ።

ዛሬ የድምፅ ባለሙያችን የማያውቀው አዳራሽ ሲያጋጥመው መኪና ሳይጫን ይደውላል፤ ድምፅ ስንት ሰከንድ ይቆያል፣ መጋረጃ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዶቹ በቁጥር ይመልሳሉ። ሌሎቹ የመግቢያውን ደረጃ ፎቶ ይልኩለታል።