ከቡቺ ጋር በጃንሆይ የስደት ሰፈር

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ውሻዬን ቡቺን ይዤ ወጣሁ። መነሻዬ እዚህ እንግሊዝ አገር ከባዝ ከተማ ጫፍ ያለችው ዌስተን ናት። ከዚያ ኬልስተን ኮረብታ ወጥቼ በሌላ በኩል እወርድና ጃንሆይ በስደት በኖሩበት ቤት በፌርፊልድ ሀውስ አድርጌ እዞራለሁ። ስንዘገይ ግማሽ ቀን ይወስድብናል። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ እንዘገያለን።

ከዌስተን በኋላ አስፋልቱ ያልቃል። እንግሊዞችን በአንድ ነገር አደንቃቸዋለሁ። መሬቱ የገበሬው ቢሆንም የድሮው የእግር መንገድ በሕግ ክፍት ነው፤ ማንም ያልፍበታል። በየአጥሩ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ የእንጨት በር አለች። ቡቺ ቀድማ ትገባና ዞራ ትጠብቀኛለች። በግ ያለበት መስክ ስንደርስ ግን በገመድ ነው። ሽቦው ላይ የበግ ፀጉር ተሰካክቷል። አፍንጫዋን አስጠግታ አንድ በአንድ ካላሸተተች ንቅንቅ አትልም። የራሰ የበግ ፀጉር ሽታ እኔንም ደብረ ብርሃን ይወስደኛል።

ኮረብታው አናት ላይ ከሩቅ የሚታዩ ዛፎች አሉ። ከዚያ ላይ ኤቨን ወንዝ ሲጠማዘዝ ይታያል። ባዝ በአንድ በኩል፣ ብሪስቶል በሌላ በኩል። ሰማዩ ሲጠራማ የዌልስ ተራሮችም ይታያሉ።

እዚያ ስቀመጥ ስለ 1929 ዓ.ም. አስባለሁ። እኛ ስለ ጃንሆይ ስደት ስናወራ የጄኔቩን ንግግር እናነሳና ዘለን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ላይ እንደርሳለን። በመሃል ያሉት ዓመታት ግን ያለፉት ባዝ ነው። የካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ ጃንሆይ የዚህ ከተማ ነዋሪ ነበሩ። በዚያው ወር አማቻቸው ራስ ደስታ ዳምጠው ተይዘው ተገደሉ። የሚልኩት ጦር የለ፣ የሚሰማቸው መንግሥት የለ። የቀራቸው አቤቱታ መጻፍ ብቻ ነበር። ስለ እሳቸው ብዙ የምንከራከርበት ነገር አለ፤ መከራከራችንም ተገቢ ነው። ያንን የካቲት ሳስብ ግን ሆዴ ይባባል። የካቲት እዚህ ጨለማ ነው፤ ዝናቡ አይቆምም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያን መርዶ እንዲህ ባለ አየር፣ ያን ያህል ርቆ መስማት!

ቁልቁለቱ ጭቃ ብቻ ነው። ቦት ጫማ የግድ ነው።

ፌርፊልድ ሀውስ ቢጫ ቀመስ በሆነው በባዝ ድንጋይ የተሠራ ትልቅ ቤት ነው። ትልቅነቱ ሲያዩት የምቾት ኑሮ ያስመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ገንዘብ አጥሯቸው የብር ዕቃዎቻቸውን እስከ መሸጥ ደርሰዋል። እቴጌ መነን አየሩ አልስማማ ብሏቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ልዕልት ፀሐይ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። በግቢው የነበረው የመስታወት ቤት ጸሎት ቤት ሆኖ ነበር። ለአበባ በተሠራ ቤት ውስጥ ዕጣን ይጨስ ነበር ማለት ነው። ጃንሆይ የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጁትም እዚሁ ነው። ሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ነው በሱዳን በኩል ወደ አገራቸው የሚወስደው በር የተከፈተላቸው።

ከሁሉ የምወደው ግን በኋላ ያደረጉትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡት። ዛሬም ከተለያየ አገር የመጡ አዛውንቶች ይሰባሰቡበታል። በስደት ያስጠጋቸውን ከተማ እንዲህ አድርገው አመሰገኑ።

ባዝ የሚመጡ ወገኖቻችን አብዛኞቹ የሮማውያኑን መታጠቢያ አይተው፣ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ። እባካችሁ ቀኑን ሙሉ እዚያ አትጨርሱት። ኬልስተን መንገድ ድረስ ኑ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። ኮረብታው ቢከብዳችሁ እንኳ ቤቱን እዩት። መንገዱን የሚያሳይ ከጠፋ እኔና ቡቺ አለን።